ሰፈር ይነሣል፤ ከተማ ግን አይነሣም



የዛሬው ንግግራችን ስለ ወረርሽኝና ስለ ቤት አሠራር ነው። ነገሩ የሐኪም ጉዳይ እንጂ የታሪክ አይመስል ይሆናል። ሆኖም ወረርሽኝን ከሐኪሙ አስቀድሞ የሚገናኘው ቦታ የሚመራውና መሠረት የሚጥለው ሰው መሆኑን ያለፈው ዘመናችን፣ ይልቁንም የዋግ ኽምራ ደጋ ታሪክ፣ በሚገባ ያስረዳናል።

ቀድሞ «ከተማ» ማለት የንጉሥ ሠራዊት የሰፈረበት ቦታ ነበር። በሽታ ሲገባ ድንኳኑ ይነቀላል። በ1858 ዓ.ም. በጣና ዳር፣ በዘጌ፣ በሰፈረው በዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ውስጥ ኮሌራ በተነሣ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ሰፈሩን ወደ ቆራጣ፣ ቀጥሎም ወደ ደብረ ታቦር ደጋ አዛወሩት። የዘመኑ መድኃኒት መሸሽ ነበር፤ በሽታውም ብዙ ጊዜ ከተጓዡ ጋር አብሮ ይጓዝ ነበር።

በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባም በመጀመሪያ በመኳንንቱ ግቢ ዙሪያ የተሰበሰቡ ሰፈሮች ነበረች፤ ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር የሚሉት ስሞች ምስክሮች ናቸው። ማገዶ ባነሰ ጊዜ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር ታስቦ ነበር፤ ባሕር ዛፍ ግን ከተማይቱን በቦታዋ አጸናት። ስለዚህ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ በኅዳር 1911 ዓ.ም. ሲበረታባት ተነሥታ የምትሸሽበት አልነበራትም። ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ተረፉ፤ በከተማይቱ ግን ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ እንዳለቀ ይገመታል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ጠርጎ ማቃጠል የዚያ መከራ መታሰቢያ ነው። ጽዳቱ መልካም ነው። ነገር ግን በሽታው የሚተላለፈው በትንፋሽ ስለ ነበረ መስኮት በሌለው ክፍል ተፋፍጎ የሚያድረውን ቤተሰብ ጢስ አያድነውም።

የማይነሣ ከተማ ምን ያድርግ? ለንደን መልስ ሰጥታለች። በ1854 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ዶክተር ጆን ስኖው ኮሌራ ከአንድ የውኃ ጉድጓድ እንደሚቀዳ አስረዳ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ከተማይቱ ከመንገዶቿ ሥር ታላቅ የፍሳሽ ቦይ ሠራች።

አሁን ወደ ዋግ እንመለስ። የዚያ ደጋ ገበሬ ቤቱን በየተረተሩ አራርቆ ይሠራል። ቤቱ ጨለማ፣ ውኃውም ሩቅ ሊሆን ይችላል፤ መራራቁ ግን ራሱ አጥር ነው። በ1977 ዓ.ም. ረኀብ የዋግንና የአካባቢውን ሕዝብ ከመንደሩ አፈናቅሎ በቆረም መጠለያ በአሥር ሺዎች ሲያከማቸው ይህ አጥር ፈረሰ። በደጋው ብርድ ሰው ከሰው ተጣብቆ አደረ፤ ልብስ የሚታጠብበት ውኃ አልበቃም። ቅማል ተስቦንና ግርሻ ትኩሳትን ከአንዱ ወደ ሌላው አሸጋገረ፤ ኩፍኝም ሕፃናቱን ፈጀ። ከረኀብ ያመለጠውን ሁሉ እህል ብቻ አላዳነውም።

ይህ ትምህርት አላረጀም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ወደ አገራችን ሲገባ «ታጠቡ፤ ተራራቁ» ተባለ። ምክሩ እውነት ነው፤ የሚፈጸመው ግን ውኃና ስፋት ባለበት ቤት ነው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነት ከአበርገሌና ከጻግብጂ ያፈናቀላቸው ብዙ ሰዎች በሰቆጣና በአካባቢዋ ሲጠለሉ የቆረም ጥያቄ እንደገና በደጃችን ቆመ፦ ስንት ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራል? ውኃውስ ከመጸዳጃው ምን ያህል ይርቃል?

እንግዲህ በማዘጋጃ ቤትም ሆነ በሌላ መሥሪያ ቤት ቦታ የምንመራና ፕላን የምናጸድቅ ሁሉ ልናስብበት ይገባል። ነፋስ የሚያሳልፍ መስኮት፣ ከቦታው ጋር አብሮ የሚሰጥ ውኃ፣ ከጉድጓድ የራቀ መጸዳጃ፣ በክፉ ቀን መጠለያ የሚሆን ሰፊ ሜዳ የቅንጦት ነገሮች አይደሉም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ምክር እዚህ ላይ ይሠራል። ከተማ እንደ ቀድሞው ሰፈር ተነሥቶ ስለማይሸሽ መድኃኒቱ ገና ፕላኑ ሲነደፍ አብሮ መግባት አለበት፤ ቤቱ ከቆመ በኋላ መስኮት ለመክፈት ግድግዳ ማፍረስ ያስፈልጋልና።