የልዑል ገነት፦ ቤቱና ግቢው

ስድስት ኪሎ የሚማር ሰው በየቀኑ ቤተ መንግሥት ይገባል፤ ይወጣል። መግባቱን ግን ልብ አይለውም። ፈተናው ያጣድፈዋል፤ ምሳው ያጣድፈዋል፤ የላይብረሪ ወንበር ሳይያዝበት ለመድረስ ይሮጣል። ይሁንና ይህ ግቢ እንደ አሮጌ ብራና ቀስ ተብሎ ቢነበብ ከብዙ መጽሐፍ የማናገኘውን ያስተምረናል። እስቲ ለአንድ ቀን ደብተራችንን አስቀምጠን እንደ እንግዳ እንጎብኘው።

ከስሙ እንጀምር። ገነተ ልዑል ማለት የልዑል ገነት፣ የልዑል የአትክልት ቦታ ማለት ነው። እንግዲህ ስሙ የወጣው ለግድግዳው ሳይሆን ለግቢው ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1920ዎቹ ዓ.ም. ቤቱን ያሠሩት ከአባታቸው ከራስ መኰንን በወረሱት መሬት ላይ ነው። ትልቅ ቤት ሠርቶ ዙሪያውን በዛፍና በአበባ ማስጌጥ በየአገሩ ያለ የመኳንንት ወግ ነው። አላፊ አግዳሚው ከሩቅ አይቶ እንዲደነቅ ነው እንጂ ገብቶ እንዲያርፍበት አይደለም። ደሃ ከእንዲህ ያለ ግቢ የሚገባው ሲጠራ ብቻ ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ የግቢው ታሪክ የሚዞረው በእርሷ ላይ ነው። ማን ጠራ? ማንስ ተጠራ?

ጣሊያን አዲስ አበባን በ1928 ዓ.ም. ሲይዝ ቤቱ የእንደራሴው መኖሪያ ሆነ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ የናፖሊ ልዑል መወለድን ምክንያት አድርጎ ለድሆች ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ ሕዝቡን ወደዚህ ግቢ ጠራ። ዓይነ ስውሩ፣ አንካሳው፣ አሮጊቱ ተሰበሰቡ። በዚያ ሰዓት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩ፤ ግራዚያኒም ቆሰለ። ወታደሮቹ ግን ጥይታቸውን የከፈቱት ለምጽዋት በመጣው ሕዝብ ላይ ነበር። ከዚያ ጭፍጨፋው ከግቢው ወጥቶ ሦስት ቀን ከተማውን አነደደ። የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ ያቀረበው የሟቾች ቁጥር 30,000 ሲሆን፣ ታሪክ ጸሐፊው ኢያን ካምፕቤል በ2017 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ወደ 19,000 ይገምታል። ቁጥሩ የትኛውም ይሁን፣ የመጀመሪያዎቹ የወደቁት እዚህ ነው፤ እኛ ቆመን ስለ ፈተና ውጤት የምናወራበት መሬት ላይ።

ከሕንፃው ደጅ ወደ ሰማይ የሚወጣ፣ የትም የማያደርስ ደረጃ አለ። ስንቶቻችን ፎቶግራፍ ተነሥተንበታል! ፋሺስቶች ያሠሩት ነው። እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ የአገዛዝ ዓመት ነው። ከነጻነት በኋላ ደረጃው አልፈረሰም፤ ከጫፉ ላይ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ድል አድራጊው የተሸናፊውን ጽሑፍ ሳይፍቅ አራት ነጥብ ጨመረበት ማለት ነው።

ቤቱም ቢሆን የራሱን ሰዎች ከመብላት አልተመለሰም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ሳሉ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ፤ መሳፍንቱንና ሚኒስትሮቹን እዚሁ አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ አገቱ። ሙከራው ሲከሽፍ፣ ታኅሣሥ 7 ቀን፣ በታጋቾቹ ላይ ተተኮሰ። ከሞቱት አንዱ ራስ አበበ አረጋይ ነበሩ። አምስት ዓመት በጫካ የጣሊያን ጥይት የሳታቸው አርበኛ በሰላሙ ዘመን ምንጣፍ ላይ ወደቁ።

ከዚያ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ቤቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ፤ ዩኒቨርሲቲውም ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. ተመረቀ። ይህ ትልቅ ስጦታ ነው፤ አይካድም። አሁን የተጠራው ተማሪው ሆነ። ነገር ግን የስጦታ ግቢ መቼ ነው የተቀባዩ የሚሆነው? የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ማታ በጥይት ተገደለ። በማግሥቱ ጓደኞቹ አስከሬኑን ወደ ግቢው አምጥተው ሲያለቅሱ ክቡር ዘበኛ ጥሶ ገባ፤ ተኩሶም ሌሎች ተማሪዎችን ገደለ። ስጦታው ገና 8 ዓመቱ ነበር። ለልመና የተጠራው በ1929፣ ለትምህርት የተጠራው በ1962፣ ሁለቱም በአንድ ገነት ውስጥ ወደቁ።

ታዲያ ዛሬ ምን ተጠብቆ ቆየ? ቤቱ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ሆኖ የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌይቱ መኝታ ክፍሎች፣ መታጠቢያው ሳይቀር ለጎብኚ ተጠብቀዋል። መጠበቃቸው መልካም ነው፤ ታሪክ በጥላቻ አይጻፍም። በዩጎዝላቪያ ቀራፂዎች የተሠራው የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ግን የቆመው ከአጥሩ ውጭ፣ አደባባዩ ላይ ነው። አስቡት እንግዲህ! የባለቤቱ አልጋ ከውስጥ፣ የተጠሩት ሙታን መታሰቢያ ከውጭ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላሉ አባቶቻችን። የተወጋው እዚያው ከሞተሳ ማን ያስታውስለት?

መልሱ እኛ ነን እንጂ ሌላ ማን ይሆናል? ቤት የባለቤቱን ታሪክ በዕቃው ይናገራል፤ አልጋው፣ ወንበሩ፣ መስተዋቱ ይመሰክራል። ግቢ ግን ዕቃ የለውም፤ ሣሩ በየክረምቱ ይታደሳል፤ ደሙ አይታይም። ግቢ የሚናገረው የሚነግርለት ሰው ሲያገኝ ብቻ ነው። እና ከአገር ቤት ዘመድ ሊጠይቃችሁ ሲመጣ ሙዚየሙን አሳዩት፤ ደስ ይበለው። በመጀመሪያ ግን ከደጁ፣ ከዛፎቹ ሥር ጥቂት አቁሙት፤ እዚህ እነማን ተጠርተው እንደ ነበርም ንገሩት።