ወንዝ ያበለጸጋት፥ ወንዝም የተዋት የወደብ ከተማ

እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ በካርታ ላይ ፈልጎ ለማግኘት እንኳ ስለምታስቸግረው ስለ ኒካራጓ ወደብ ስለ ሳን ሁዋን ዴል ኖርቴ ጥቂት ለመግለጽ እንወዳለን። ዘመኑ ሁሉ የተጻፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ከተማዪቱ የተቈረቈረችው የሳን ሁዋን ወንዝ ከካሪብ ባሕር በሚገናኝበት ስፍራ ነው። ወንዙ ከኒካራጓ ሐይቅ ወጥቶ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከሐይቁ ምዕራባዊ ዳር እስከ ፓስፊክ ውቅያኖስ ያለው የብስ ደግሞ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፥ በወንዙና በሐይቁ የተጓዘ ሰው ከአንዱ ባሕር ወደ ሌላው ለመሻገር ብዙ አይቀረውም። የከተማዪቱ ሀብትም መከራም የመነጨው ከዚሁ ነው።

በ1848 እንግሊዞች ወደቡን ያዙና በጃማይካው ገዥ በቻርልስ ግሬይ ስም ግሬይታውን አሉት። በዚያው ዓመት በካሊፎርንያ ወርቅ ስለ ተገኘ፥ ከ1851 ጀምሮ የአሜሪካዊው ባለጸጋ የቫንደርቢልት መርከቦች መንገደኞችን በዚህ በኩል ያመላልሱ ጀመር፤ ከተማዪቱም በንግድ ደመቀች። ነገር ግን በኩባንያውና በከተማው ሹማምንት መካከል ጠብ ተነሣ። አሜሪካ የጠየቀችው ካሣ ስላልተከፈላት፥ ጁላይ 13 ቀን 1854 ሳያን የተባለችው የጦር መርከብ ከተማዪቱን በመድፍ ደበደበቻት፤ የተረፈውንም ወታደሮች አቃጠሉት። ሕዝቡ አስቀድሞ ተነግሮት ስለ ሸሸ የሞተ ሰው አልነበረም፤ ቤት ንብረቱ ግን ዐመድ ሆነ። ንብረቱ የጠፋበት አንድ ሰው የመርከቢቱን አዛዥ ቢከስም፥ በ1860 የአሜሪካ ፍርድ ቤት ለአዛዡ ፈረደ።

«ዓባይ ማደሪያ የለው፥ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባላል፤ ሳን ሁዋን ደግሞ ደለል ይዞ እየመጣ የወደቡን አፍ ደፈነ፤ አብዛኛው ውሃም ኮሎራዶ በተባለው ቅርንጫፍ ወደ ኮስታ ሪካ ዞረ። በ1889 አንድ የአሜሪካ ኩባንያ ከዚያ ተነሥቶ ሁለቱን ውቅያኖሶች የሚያገናኝ ቦይ መቈፈር ጀምሮ ነበር፤ በ1893 ግን ገንዘብ ስላለቀበት ሥራው ቆመ። በ1902 አሜሪካ ፓናማን ስለ መረጠች ያ ተስፋ ጠፋ። በ1984 ደግሞ የእርስ በርስ ጦርነት ከተማዪቱን ፈጽሞ አጠፋት፤ በቀድሞው ቦታ የቀረው ዋናው ነገር መቃብር ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፥ ኀያላኑ የፈለጉት መንገዱን እንጂ ሕዝቡን አለመሆኑን ነው። መንገዱ ሲዘጋ ሁሉም ትተዋት ሄዱ። ከጦርነቱ በኋላ ተመልሰው በአቅራቢያው አዲስ ከተማ የሠሩት ግን ወርቅ ፈላጊዎችና የቦይ ቈፋሪዎች ሳይሆኑ የአገሩ ተወላጆች ናቸው። እንግዲህ አገርን የሚያጸናው አላፊው መንገደኛ ሳይሆን ነዋሪው ነው እንላለን።