አውቶማቲክ መጠባበቂያ ቅጂ ሲቋረጥና ፋይል ሲጠፋ፦ በሚዛን አማን፣ በቴፒና በአካባቢው ለሚገኙ የኮምፒዩተር ተጠቃሚዎች የቀረበ መረጃ

ሚዛን ተፈሪና አማን ተጣምረው በመሠረቱት ሚዛን አማን፣ በቴፒ፣ እንዲሁም በቤንች ሸኮ፣ በሸካና በካፋ ዞኖች ቡና አብቃይ ወረዳዎች የሚገኙ ኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ ቡና አቅራቢዎች፣ የጽሕፈት አገልግሎት ሰጪዎችና ተማሪዎች የሚያዘጋጁት መረጃ ብዙ ጊዜ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ይቀመጣል። ይህ ጽሑፍ መረጃው ሲጠፋ በቅድሚያ ሊወሰድ የሚገባውን እርምጃ፣ አውቶማቲክ መጠባበቂያ ቅጂ (ባክአፕ) ሳይታወቅ የሚቋረጥባቸውን ምክንያቶችና ከቅጂው ላይ ፋይል የሚመለስበትን መንገድ ያብራራል። ፋይል አሁን የጠፋበት ተገልጋይ የሚከተለውን ክፍል አልፎ «ፋይሉ አሁን የጠፋ ከሆነ» ከሚለው ንዑስ ርዕስ ቢጀምር ይመረጣል።

የማሳ መረጃና የቡና ገበያ

ቀደም ባሉት ዓመታት የአንድ ቡና አቅራቢ ዋና ሰነድ በወረቀት የተያዘ የግዢ ደረሰኝና የመጋዘን መዝገብ ነበር። አሁን ሌላ ዓይነት ሰነድ ተጨምሯል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ምንጣሮ መከላከያ ደንብ ወደ ኅብረቱ ገበያ የሚገባ ቡና የተመረተበት ማሳ መገኛ በጂ.ፒ.ኤስ. እንዲገለጽ፣ ማሳውም እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 (ታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም.) በኋላ ከደን የተመነጠረ አለመሆኑ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። ስፋቱ ከ4 ሄክታር የሚበልጥ ማሳ ዙሪያ ድንበሩ በሙሉ መለካት ያለበት ሲሆን፣ ከዚያ ላነሰ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል። የደንቡ የተፈጻሚነት ቀን ከአንድም ሁለት ጊዜ ተራዝሟል፤ የማሳ ልኬት ሥራው ግን በየቀበሌው በእግር፣ ከማሳ ማሳ በመዘዋወር የሚከናወን በመሆኑ ቀኑ እስኪደርስ የሚጠበቅ አይደለም።

በደቡብ ምዕራብ ቡና በጫካና በከፊል ጫካ ውስጥ ጭምር ስለሚመረት ልኬቱ አድካሚ ነው። የአንድ ቀበሌ ልኬት የያዘ ፋይል ሲጠፋ ሥራው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል፤ በዝናብ ወራት ከሆነም ይዘገያል። በዚህ መካከል አርሶ አደሩ ለዚህ ገበያ የሚያቀርበው ቡና የምርት ቦታው ያልተረጋገጠ ሆኖ ይቆያል። በስልክ የሚሰበሰበውም መረጃ ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻል። እንደ ኮቦ ኮሌክት ባሉ መተግበሪያዎች የተሞላ ቅጽ ወደ ማዕከሉ እስኪላክ ድረስ የሚገኘው በስልኩ ላይ ብቻ ነው። በመስክ ኔትዎርክ ባይኖርም፣ ወደ ከተማ በተመለሱበት ዕለት የተጠናቀቁ ቅጾች በሙሉ መላካቸውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ፋይሉ አሁን የጠፋ ከሆነ

ፋይሉ የነበረበትን ዲስክ መጠቀም ወዲያውኑ ማቆም ይገባል። አንድ ፋይል ሲሰረዝ ኮምፒዩተሩ ቦታውን «ነፃ ነው» ብሎ ይመዘግባል እንጂ ይዘቱን በዚያው ቅጽበት አያጠፋም። ይዘቱ የሚጠፋው ሌላ ነገር በላዩ ሲጻፍበት ነው። ስለዚህ ከኢንተርኔት ፋይል ማውረድ፣ ዊንዶውስን እንደገና መጫን፣ ሌላው ቀርቶ የማገገሚያ ፕሮግራሙን ራሱን በዚያው ዲስክ ላይ መጫን የጠፋውን ፋይል ሊያጠፋው ይችላል። ፕሮግራሙ በሌላ ዲስክ ላይ ተጭኖ፣ የተገኘውም ፋይል በሌላ ዲስክ ላይ መቀመጥ አለበት። ይህ ተስፋ በይበልጥ የሚሠራው ለቆየው የሀርድ ዲስክ ዓይነት ነው። በአዳዲስ ላፕቶፖች ውስጥ ያለው ኤስ.ኤስ.ዲ. የተሰረዘ ፋይልን ቦታ በራሱ ስለሚያጸዳ በዚህ መንገድ የሚገኘው ጥቂት ነው። ዲስኩ ያልተለመደ የመንኳኳት ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ ማጥፋትና ለባለሙያ ማሳየት ይገባል፤ የመጠገኛ ፕሮግራሞችን ደጋግሞ ማስኬድ ጉዳቱን ያባብሳል።

ጠፋ የተባለ ፋይል ሁሉ ግን የጠፋ አይደለም። ከኮምፒዩተሩ ዲስክ ላይ የተሰረዘ ፋይል በቅድሚያ በሪሳይክል ቢን ውስጥ ይፈለጋል፤ ከፍላሽ ላይ የተሰረዘ ግን ወደዚያ አይገባም። በጽሕፈትና በኅትመት ቤቶች የሚዘዋወሩ ፍላሾች ላይ በብዛት የሚያጋጥመው «ሾርትከት ቫይረስ» ደግሞ ፋይሎቹን ደብቆ በምትካቸው የአቋራጭ ምልክቶችን ያስቀምጣል። ተጠቃሚው ፍላሹ ባዶ የሆነ ስለሚመስለው ፎርማት ያደርገዋል፤ በእውነት የሚጠፋውም ያኔ ነው። በዚህ ጊዜ የአቋራጭ ምልክቶቹን ሳይከፍቱ ፍላሹን በጸረ ቫይረስ መፈተሽ፣ ከዚያም በዊንዶውስ የፎልደር አማራጮች ውስጥ የተደበቁና በሲስተሙ የተጠበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ማድረግ ያስፈልጋል።

ሌላው ጉዳይ የፊደል ነው። እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ፣ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ ሶፍትዌሮች የተጻፉ ሰነዶች በአዲስ ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈቱ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድብልቅ ሆነው ይታያሉ። ፋይሉ አልተበላሸም፤ የጎደለው ፎንቱ ነው። ፎንቱ ከቀድሞው ኮምፒዩተር ተቀድቶ ሲጫን ጽሑፉ ይመለሳል። በዚህ ምክንያት ብቻ የተሟላ መጠባበቂያ ቅጂ ተበላሽቷል ተብሎ እንዳይጣል ጥንቃቄ ይደረግ።

የጠፋው ሰነድ ቀደም ሲል ለሌላ ሰው ተልኮ ከነበረ ቅጂው በኢሜይል «የተላኩ» ዝርዝር ወይም በቴሌግራም ውይይት ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ለዲስክ ማገገሚያ ገንዘብ ከመክፈል በፊት እነዚህን መፈተሽ ይጠቅማል።

አውቶማቲኩ ለምን ሳይታወቅ ይቆማል?

አውቶማቲክ ቅጂ ዋና ድክመቱ ሲቆም የሚያሳውቅ ሰው አለመኖሩ ነው። ይህ በትልልቅ ድርጅቶችም ደርሷል። ጊትላብ የተባለው ዓለም አቀፍ የሶፍትዌር ኩባንያ ጥር 23 ቀን 2009 ዓ.ም. አንድ ባለሙያ በስህተት የመረጃ ቋት ሲሰርዝበት፣ ከነበሩት አምስት የመጠባበቂያ መንገዶች አንዱም እንደታሰበው እንደማይሠራ ተገነዘበ። የመደበኛው ቅጂ ሥራ ሲከሽፍ የሚላኩት የማስጠንቀቂያ ኢሜይሎችም ተቀባዩ ዘንድ አይደርሱም ነበር። ኩባንያው የተረፈው ከስድስት ሰዓት በፊት ለሌላ ዓላማ በተወሰደ ቅጂ ነው።

በአገራችን በቅድሚያ ሊፈተሽ የሚገባው የሰዓት አቆጣጠር ነው። ኮምፒዩተር ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ስለሚጀምር ከኢትዮጵያ አቆጣጠር የስድስት ሰዓት ልዩነት አለው። አንድ ሠራተኛ ቅጂው ቢሮ ከመዘጋቱ በፊት ከቀኑ 11 ሰዓት እንዲወሰድ አስቦ «11፡00 ፒ.ኤም.» ብሎ ቢሞላ ኮምፒዩተሩ የሚረዳው ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ስለሚያድር ቅጂው አንድም ቀን አይወሰድም፤ የስህተት መልእክትም ላይታይ ይችላል። ትክክለኛው አሞላል «5፡00 ፒ.ኤም.» ነው። በዊንዶውስ የሥራ መርሐ ግብር (ታስክ ስኬጁለር) ውስጥ ያመለጠ ሥራ ኮምፒዩተሩ እንደተከፈተ እንዲፈጸም የሚያዝ አማራጭ ስላለ እርሱን መምረጥ በመብራት መቋረጥ ያለፈውንም ቅጂ ያካክሳል።

ከሰዓት ጋር የተያያዘ ሌላ ችግር የማዘርቦርዱ ትንሽ ባትሪ ሲያልቅ ይከሰታል። መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ከዓመታት በፊት ወደነበረ ቀን ይመለሳል፤ በኢንተርኔት የሚሠራው ቅጂ ግንኙነቱ ተቀባይነት አጥቶ ይቋረጣል፤ በዲስክ ላይ ያሉት ቅጂዎችም የትኛው የመጨረሻው እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ባትሪው ርካሽና በቀላሉ የሚቀየር ነው።

ቀጥሎ የሚታየው ቅጂው የትኞቹን ፎልደሮች እንደሚያካትት ነው። በዊንዶውስ ውስጥ ያለው ፋይል ሂስትሪ በመደበኛ አሠራሩ በየሰዓቱ ቅጂ የሚወስደው ከዴስክቶፕ፣ ከዶክመንትስ፣ ከፒክቸርስና ከመሳሰሉት የተጠቃሚ ፎልደሮች ነው። በብዙ ቢሮዎች ግን «ለደህንነት» በሚል ሥራው የሚቀመጠው በዲ ድራይቭ ላይ ነው፤ ያ ደግሞ በራሱ አይካተትም። ፎልደሩን በቀኝ ጠቅታ ወደ ላይብረሪ ማስገባት ይህን ያስተካክላል። ዲ ድራይቭ አብዛኛውን ጊዜ የዚያው ዲስክ ክፋይ በመሆኑ፣ ከሲ ወደ ዲ መገልበጥ ዲስኩ ሲበላሽ የሚያድነው ነገር እንደሌለም ሊታወቅ ይገባል።

ኤክስተርናል ሀርድ ዲስኩ ከሞላ ፋይል ሂስትሪ አዲስ ቅጂ መውሰድ ያቆማል፤ ሳይለወጥ ከተተወ የቀድሞዎቹን ቅጂዎች ለዘለቄታው ያስቀምጣልና። ዲስኩ ለረጅም ጊዜ ተነቅሎ ከቆየም ያው ዲስክ ተሰክቶ «ራን ናው» የሚለው መጫን አለበት። በቀላል የመገልበጫ ፕሮግራም የሚጠቀሙ ደግሞ የዲስኩ መለያ ፊደል፣ ለምሳሌ ከኢ ወደ ኤፍ፣ አለመቀየሩን ይመልከቱ።

ቅጂውን በኢንተርኔት የሚያስቀምጡ ተጠቃሚዎች ጉግል ድራይቭ በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት፣ ዋንድራይቭ ደግሞ 5 ጊጋባይት መሆኑን ያስቡ፤ ቦታው ሲሞላ አዲስ ፋይል አይጫንም። ኮምፒዩተሩ በሞባይል ሆትስፖት ሲገናኝና ግንኙነቱ «ሚተርድ» ተብሎ ሲመዘገብ ዋንድራይቭ ሥራውን ያቆማል። ከሁሉ በላይ፣ እነዚህ አገልግሎቶች በመሠረቱ የማመሳሰያ ናቸው፦ በኮምፒዩተሩ ላይ የተሰረዘ ፋይል በኢንተርኔቱም ላይ ይሰረዛል፣ ጉግል ድራይቭም በመጣያው ውስጥ የሚያቆየው ለ30 ቀናት ነው። የማኅበር ሰነድ በአንድ ሠራተኛ የግል አካውንት ላይ ከሆነ ሠራተኛው ሲለቅ ሰነዱም አብሮት ይሄዳል።

ከቅጂው ላይ መመለስ

በፋይል ሂስትሪ የተያዘ ፋይል ለመመለስ ዲስኩ ከተሰካ በኋላ ፋይሉ የነበረበት ፎልደር በቀኝ ጠቅታ ይከፈትና «ሪስቶር ፕሪቪየስ ቨርዥንስ» የሚለው ይመረጣል። ከሚታዩት ቀናት አንዱን ሲመርጡ በቀጥታ በነበረበት ቦታ ከመመለስ ይልቅ በሌላ ፎልደር ማስቀመጥና መጀመሪያ መመልከት ይመከራል። አሮጌው በአዲሱ ላይ ቢጻፍ የዛሬው ሥራም ይጠፋልና።

በፒችትሪ ሒሳብ የሚይዙ ድርጅቶች ቅጂውን መውሰድም መመለስም ያለባቸው በራሱ በፕሮግራሙ የባክአፕና የሪስቶር ትእዛዝ ነው። ፕሮግራሙ ክፍት ሆኖ ሳለ የመረጃ ፎልደሩን መገልበጥ ያልተሟላ ቅጂ ያስገኛል፤ ጉድለቱም የሚታወቀው ሒሳቡ በሚፈለግበት ቀን ነው። ሪስቶር የነበረውን መረጃ ስለሚተካ፣ የተበላሸ ቢመስልም እንኳ አሁን ያለው በቅድሚያ ይቀዳ።

ቅጂ መኖሩ የሚረጋገጠው ፋይል መልሶ በማውጣት ነው። በወር አንድ ቀን ከቅጂው ሦስት ፋይሎችን፣ በተለይ በዚያ ሳምንት የተሠራን አንድ ፋይል፣ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ከፍቶ ማየት ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል። የሚከፈተው ያለፈው ዓመት ፋይል ብቻ ከሆነ አውቶማቲኩ ቆሟል ማለት ነው። ይህን ፍተሻ የቡና መሰብሰብ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ማድረግ ከመሀል ሥራ ያድናል።

የቅጂው ቦታ

የቅጂው ዲስክ ከኮምፒዩተሩ ጋር ተሰክቶ የሚያድር ከሆነ የመብራት መጨመር፣ መብረቅ ወይም ሌባ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይወስዳል። ኮምፒዩተር ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስም የተሰካውን ዲስክ አይምርም። ቅጂው እንዳለቀ ዲስኩን መንቀልና ከእርጥበት በተጠበቀ መያዣ ማስቀመጥ ይገባል፤ የአካባቢው ረጅም የዝናብ ወቅት ይህን ግዴታ ያደርገዋል። ከተቻለ ሁለተኛ ዲስክ በሌላ ከተማ ይቀመጥ፦ የቴፒው በሚዛን አማን፣ የሚዛን አማኑ በቴፒ። መስከረም 16 ቀን 2018 ዓ.ም. በደቡብ ኮሪያ ዴጆን ከተማ የመንግሥት የመረጃ ማዕከል ሲቃጠል 858 ቴራባይት የሚሆን የመንግሥት ሠራተኞች ሰነድ የጠፋው ሌላ ቦታ ቅጂ ስላልነበረው ነው።

የአርሶ አደሮችን ስም፣ ስልክና የማሳ መገኛ የያዘ ዲስክ የግል መረጃ ነው፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይመለከተዋል። በይለፍ ቃል መቆለፍና ቃሉን ቢያንስ ሁለት ኃላፊዎች እንዲያውቁት ማድረግ ያስፈልጋል። ኮምፒዩተሩ ለጥገና በሚሰጥበት ጊዜም ከባለቤቱ ፈቃድ ውጭ ፎርማት እንዳይደረግ በርክክቡ ወረቀት ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ ዲስኩ ከተቀየረም አሮጌው ለባለቤቱ እንዲመለስ ይጠየቅ።