የመታጠቢያ ቤት ፍሳሽና የመጥረጉ ታሪክ

በመታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ውሃው ተኝቶ ቀስ እያለ ሲወርድ፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከወለሉ ወንፊት ብዙም ሳይርቅ ነው። ፀጉር በውሃ አይሟሟም። ከቱቦው ሻካራ ቦታ ላይ አንዴ ከተጠመጠመ፣ ሳሙና በውሃው ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር ተዋሕዶ የሚፈጥረው ግራጫ ዝቃጭ ይለጠፍበታል፤ ቅባትና አሸዋ ይከተላሉ። በሽቦ ስበው ሲያወጡት እንደ ራሰ ገመድ የከበደ ጥቁር ጉንጉን ነው።

ይህን ችግር አስቀድመው አስበውበት ከገነቡት ጥንታውያን መካከል፣ ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ በሚገኘው የኢንደስ ሸለቆ የነበሩት የሞሄንጆ ዳሮ ግንበኞች ይገኙበታል። ከተማዋ ያበበችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2500 ዓመት ገደማ ነው። አብዛኞቹ ቤቶች የራሳቸው መታጠቢያ ክፍል ነበራቸው። ወለሉ ክፍተት እስኪጠፋ ድረስ ተገጣጥሞ በተነጠፈ ጡብ የተሠራ፣ ወደ አንድ ጥግ ያዘነበለ ነበር። ውሃው ከዚያ ጥግ በግድግዳው ቀዳዳ አልፎ መንገድ ላይ ወዳለው ቦይ ይወርዳል። ቦዮቹ በጡብ ወይም በጠፍጣፋ ድንጋይ ይከደናሉ፤ ክዳኑ ግን በጭቃ አልተመረገም፣ ተነሥቶ የሚመለስ ነው። ቦዩ ሲረዝም ወይም ሁለት ቦዮች ሲገናኙ ደግሞ ዝቃጩ ረግቶ የሚቀርበት ጉድጓድ ይቆፈር ነበር። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በቦታው የቆፈረው አርኪዮሎጂስት ኧርነስት ማኬይ ከቦዮቹ ዳር ትንንሽ የአሸዋ ክምሮችን አግኝቷል። ጠራጊዎቹ ቦዩን አጽድተው ቆሻሻውን እዚያው ትተውት እንደ ሄዱ ተረድቶታል። ከ4,000 ዓመት በላይ የቆየ የአንድ ቀን ሥራ ምልክት ነው።

ዛሬ ፀጉር የሚያስቀረው መታጠፊያ የመጣው ግን ከእንግሊዝ ነው። ስኮትላንዳዊው ሰዓት ሠሪ አሌክሳንደር ካሚንግ እ.ኤ.አ. በ1775 ለሽንት ቤት መቀመጫ የፈጠራ መብት ሲያስመዘግብ፣ መውረጃ ቱቦውን እንደ እባብ አጠማዘዘው። በመታጠፊያው ውስጥ ሁልጊዜ ጥቂት ውሃ ስለሚቀር ከፍሳሹ የሚመጣው ሽታ ተመልሶ አይወጣም። ዘዴው ኋላ ለመታጠቢያ ገንዳና ለወለል መውረጃም ተረፈ። የኢትዮጵያ የቧንቧ ሠራተኞች ሲፎን ይሉታል። ሽታን ያስቆመው ይኸው ጥምዝ ግን የውሃውን ጉልበት ስለሚሰብር ለጉድፍ ምቹ ማረፊያ ሆነ። ስለዚህ ሲፎኑን በሲሚንቶና በሴራሚክ ቀብሮ መክፈቻ የማይተው ግንበኛ፣ ክዳኑን ሳይመርግ ከተወው የሞሄንጆ ዳሮ ጡብ ደርዳሪ ያነሰ ሥራ ሠርቷል።

መክፈቻ በሌለበት መድኃኒትና ማሽን ተፈለገ። እ.ኤ.አ. በ1923 በአሜሪካዋ ሲንሲናቲ ድራኖ የተባለው ምርት ለገበያ ቀረበ፤ የኮስቲክ ሶዳ ቅንጣትና የአሉሚኒየም ስብርባሪ ድብልቅ ነው። ውሃ ሲነካው ይፈላል፤ ሶዳው ስቡን ወደ ሳሙና ይለውጣል፣ ፀጉሩንም ያሟሟል። ያው ሶዳ ቆዳንና ዓይንን ክፉኛ ያቃጥላል፤ ከሌላ ማጽጃ ጋር መቀላቀሉም አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ደግሞ በአሜሪካ የአዮዋ ግዛቱ ሳሙኤል ብላንክ የልብስ ማጠቢያ ሞተርን ከብረት ገመድና ከስለት ጋር አጋጥሞ፣ ቱቦ ውስጥ የገባ የዛፍ ሥር የሚቆርጥ መሣሪያ ሠራ። ዛሬ ቧንቧ ሠራተኞች በቱቦ ውስጥ የሚያሽከረክሩት ረጅም ጥቅል ሽቦ የዚያ ዘመድ ነው።

መዘጋት ብቻ ሳይሆን መድረቅም እንደሚጎዳ የታየው በሆንግ ኮንግ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2003 አሞይ ጋርደንስ በተባለ የመኖሪያ ሕንፃ ስብስብ ከ300 በላይ ሰዎች ሳርስ በተባለው የመተንፈሻ አካል በሽታ ተያዙ። ነዋሪዎቹ ወለላቸውን በመወልወያ እንጂ በውሃ ስለማያጥቡት የወለሉ ሲፎኖች ደርቀው ነበር። መርማሪዎች እንደ ደረሱበት፣ የመታጠቢያ ቤቶቹ የአየር መሳቢያ በርቶ ሳለ የተበከለውን ርጥበት ከፍሳሽ ቱቦው ወደ ቤት ሳበው። ከዚያ ወዲህ የከተማዋ ጤና ባለሥልጣናት በየሳምንቱ በእያንዳንዱ መውረጃ ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ እንዲፈስስ ያሳስባሉ።