የዋጉ የዘር ሐረግ

ስሙኝማ! ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ዋግ ነው፤ የአርሲና የባሌ ገበሬ ስሙ ሲነሣ ፊቱ ስለሚጠቁርበት፣ የስንዴውን አገዳ ዝገት አልብሶ ፍሬውን ስለሚያኮሰምነው ፈንገስ፣ ስለ ግንድ ዋግ።

ነገሩ ከተልባ ይጀምራል። በ1940ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ሃሮልድ ፍሎር የሚባሉ ሰው በአሜሪካ ሰሜን ዳኮታ ተልባን ከተልባ፣ የተልባን ዋግም ከዋግ ያዳቅሉ ነበር። የዲ ኤን ኤ ቅርጽ ገና ባልታወቀበት በዚያ ዘመን አንድ ድንቅ ነገር ደረሱበት፤ በተልባው ውስጥ ያለው እያንዳንዱ የመከላከያ ዘረመል በዋጉ ውስጥ አቻ አለው። ሁለቱ ከተገናኙ ተክሉ ይድናል፤ ከተላለፉ ይበላል።

እንዴት ቢባል፣ ዋግ የሞተ ነገር አይበላም። ሕያው ተክል ውስጥ ገብቶ፣ ሕዋሱን ሳይገድል፣ መምጠጫውን ተክሎ ነው የሚኖረው። ተክሉ እንዳይነቃበትም ፕሮቲኖችን ወደ ሕዋሱ ይልካል። የመከላከያው ዘረመል ሥራ እንግዲህ የዘበኛ ነው፤ ከእነዚያ ፕሮቲኖች አንዱን ለይቶ ያውቃል። ባወቀ ጊዜ ተክሉ የተወረረውን ሕዋስ ራሱ ይገድለዋል፤ ዋጉም የሚጠባው አጥቶ ይቀራል። ፍሎር በማዳቀል ብቻ የደረሱበትን ይህን ነገር ተከትለው፣ ካንቤራ፣ አውስትራሊያ የሚሠሩት ፒተር ዶድስና ባልደረቦቻቸው በ2004 የተልባውን ዋግ አቻ ዘረመል ነጥለው አወጡ፤ በ2006 ደግሞ የሁለቱ ወገን ፕሮቲኖች በቀጥታ እንደሚጣበቁ አሳዩ።

አሁን ወደ ስንዴያችን እንመለስ። በ1998 ኡጋንዳ ውስጥ አንድ የግንድ ዋግ ተገኘ። ኤስ አር 31 የተባለውን፣ ስንት አገር የተማመነበትን የመከላከያ ዘረመል ጥሶ አለፈ። ስሙም ዩ ጂ 99 ተባለ። ከዚያ ኬንያን፣ ኢትዮጵያን፣ ሱዳንን፣ የመንን አዳረሰ፤ ኢራንም ደረሰ።

ግን ከየት መጣ? ይህን የጠየቁት ዶድስና ሜላኒያ ፊጌሮአ የተባሉት ተመራማሪ፣ ከአውስትራሊያ፣ ከአሜሪካና ከደቡብ አፍሪካ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ስንዴውን የሚወርረው የዋግ ሕዋስ በውስጡ ሁለት ኒውክለስ ይዞ ይኖራል፤ ሳይዋሐዱ፣ ጎን ለጎን። ለዓመታት የዋግ ጂኖም ሲነበብ የሁለቱ ነገር እርስ በርሱ እየተደባለቀ ነበር። እነሱ ግን እያንዳንዱን ኒውክለስ ለብቻው ለይተው አነበቡ። ከዚያም ዩ ጂ 99ን፣ በ1954 አውስትራሊያ ውስጥ ከተገኘውና ከደቡባዊ አፍሪካ በነፋስ ተሻግሯል ከሚባለው አሮጌ ዋግ ጋር አስተያዩ። ከዩ ጂ 99 ሁለት ኒውክለሶች አንዱ ከአሮጌው ዋግ ጋር ያው ሆኖ ተገኘ! ሌላው ግን ፈጽሞ ባዕድ ነበር።

በጾታዊ መንገድ ቢዋለዱ ኖሮ ዘረመሉ ይበወዝ ነበር፤ ይህኛው ኒውክለስ ግን ምንም ሳይነካ ሙሉውን ነው የተላለፈው። አንድ ስንዴ ላይ የተገናኙ ሁለት ዋጎች ክር መሰል አካላቸውን አጋጥመው ኒውክለስ ተለዋውጠዋል ማለት ነው። ይህ በቤተ ሙከራ ከድሮም ይጠረጠር ነበር፤ በእርሻ ላይ ይህን ያህል ጉዳት ያመጣ ዋግ በዚህ መንገድ መወለዱ ግን የተረጋገጠው በ2019 ነው።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ይኸው ነው። አዲስ ዋግ ለመወለድ ቀስ በቀስ የሚመጣ ለውጥ መጠበቅ ላያስፈልገው ነው፤ እኛ ደግሞ ሰፊ ማሳ በአንድ ዝርያ እንሞላለን። ዲገሉን አስታውሱ። ዩ ጂ 99ን የተቋቋመ ስንዴ ነበር፤ ገበሬውም አምኖ ዘራው። በ2013 መጨረሻ ከዩ ጂ 99 ጋር የማይዛመድ ሌላ ዋግ መጣና በደቡባዊ ኢትዮጵያ ባሌን ጨምሮ በአንዳንድ ማሳ አዝመራውን ከሞላ ጎደል ጠራርጎ ወሰደው። ዲገሉ የተደገፈበት ዘረመል ለዚያኛው ዋግ እንቅፋት አልሆነበትም። የዓመት ልፋት ሄደ!

ለዚህ ነው አምስት የመከላከያ ዘረመሎች በአንድ ላይ ተደርድረው፣ ሳይነጣጠሉ እንዲወረሱ ተደርገው ስንዴ ውስጥ የገቡት። ዋጉ አንዱን ቢያመልጥ አራቱ ይጠብቁታል። ውጤቱ በ2021 ታተመ፤ ስንዴውም በሜዳ ሙከራ ዋጉን ተቋቁሟል። በዘረመል ምሕንድስና የተሠራ ስለሆነ ግን ገበሬ ማሳ ላይ ከመዘራቱ በፊት በየአገሩ ሕግ ማለፍ አለበት፤ ያ ክርክር ደግሞ ገና አላለቀም።