ከዳህላክ እስከ ቦዮ፦ የዓሣ ሕግና ውኃው

ባሕር በሌለባት ሆሳዕና ስለ ባሕር ሕግ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1946 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 137፣ ያኔ የዳህላክ ደሴቶች የነበሩባትን የኢትዮጵያን የባሕር ክልል 12 የባሕር ማይል አደረገ። ብሪታንያና አሜሪካ ግን ከ3 ማይል አያልፉም ነበር፤ ዓለም አቀፉ የባሕር ሕግ ስምምነት 12ን ከፍተኛው ወሰን ያደረገው በ1975 ዓ.ም. ነው። ሕጋችን ቀድሞ ነበር፤ በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነጻ ስትወጣ ባሕሩ ሄደ።

የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በ1988 ዓ.ም. ያጸደቀው የዓሣ ማስገር ሥነ ምግባር ደንብ በፈቃደኝነት የሚፈጸም ነው፤ ግዴታ የሚሆነው በአገር ሕግ ነው። የእኛው አዋጅ ቁጥር 315/1995 ለንግድ ዓሣ የሚያሰግር ፈቃድ እንዲኖረው ያዛል። ስለዚህ የሕግ መለኪያው ከዓለም ጋር መስተካከሉ ብቻ አይደለም፤ በሃዲያ፣ ቦዮ ሐይቅ ዳር ፈቃዱን የሚጠይቅ ሰው መኖሩም ነው።