ጋራዥ ውስጥ ተፈትቶ የቀረው ሞተር

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1934 የበረዶ ወራት፣ በካናዳዋ ኩቤክ ግዛት ቫልኩር በምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ አንድ የሁለት ዓመት ሕፃን ሆዱን ታመመ። ስሙ ኢቮን ነው። ትርፍ አንጀቱ ነበር። ሊያድነው የሚችለው ሆስፒታል ሸርብሩክ ከተማ ውስጥ ነው፤ ዛሬ በመኪና አንድ ሰዓት የማይፈጅ መንገድ። ያኔ ግን በኩቤክ ገጠር በረዶ አንዴ ከወረደ መንገድ የሚባል ነገር የለም። መኪና ያለው ሰው መኪናውን ጎተራ ውስጥ አስገብቶ፣ ግንድ ላይ አስቀምጦ፣ እስከ ፀደይ ይሰናበተዋል። የሚንቀሳቀሰው ፈረስ የሚጎትተው ተንሸራታች ጋሪ ብቻ ነው፤ እሱም በረዶው ሲበዛ ይሰምጣል።

የሕፃኑ አባት በዚያ አካባቢ በረዶን በሞተር ለማሸነፍ ከማንም በላይ የደከመ መካኒክ ነበር፤ ጆሴፍ አርማን ቦምባርዲዬ። የሙከራ መኪናው እዚያው ጋራዡ ውስጥ ነበረች። ነገር ግን መሄድ በምትችልበት ሁኔታ ላይ አልነበረችም። ልጁ ሞተ።

ይህን ታሪክ የሚተርኩ ብዙዎች «ልጁ ስለሞተበት ስኖውሞቢልን ፈለሰፈ» ይላሉ። ለጆሮ ይጥማል፣ ግን ቅደም ተከተሉን ያዛባል። ቦምባርዲዬ ሥራውን የጀመረው ኢቮን ከመወለዱ ከዓመታት በፊት ነው። በ1907 የተወለደው ይህ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቤት ውስጥ ያገኘውን ሁሉ እየፈታ ሲያስቸግር፣ አባቱ የተበላሸ የፎርድ ሞዴል ቲ ሰጡት፤ የራሳቸውን መኪና እንዲተውላቸው። በ1922፣ በ15 ዓመቱ፣ ያንን ሞተር ተንሸራታች ጋሪ ላይ ጫነና ከኋላው የእንጨት ፕሮፔለር ገጠመለት። ከወንድሙ ከሊዮፖልድ ጋር በአዲስ ዓመት ዋዜማ የቫልኩርን ጎዳና እያስጮሁ አቋረጡት። አባትየው ክፍት የሚሽከረከረውን ፕሮፔለር ሲያዩ በአድናቆት ፋንታ ድንጋጤ ያዛቸው፤ ባስቸኳይ ይፈታ አሉ። ተፈታ።

በ19 ዓመቱ ጋራዥ ከፈተ። በጋውን የሰው መኪና እየጠገነ፣ በረዶው ሲወርድና ደንበኛ ሲጠፋ ወደ ሙከራው ይመለሳል። አንዱን ይሠራል፣ ይሰብራል፣ ይፈታል፣ ሌላ ይጀምራል። የ1934ቱ መኪና በእነዚያ መካከል ላይ የነበረች ናት። እንግዲህ የኢቮን ሞት ለቦምባርዲዬ ሐሳቡን አልሰጠውም፤ ሐሳቡ ነበረው። የሌለው፣ በተፈለገ ሰዓት የሚነሣ ሞተር ነበር። ለአንድ መካኒክ ከዚህ የከፋ ምን ሊኖር ይችላል?

ከዚያ በኋላ የሠራው ነገር በአንድ ችግር ላይ ያተኮረ ነበር፤ የሞተሩን ጉልበት ሳይሰምጥና ሳይንሸራተት ወደ በረዶ ማድረስ። መፍትሔው በላስቲክ የተለበጠ ጥርስ ያለው ጎማና እሱ የሚያሽከረክረው ሰፊ የላስቲክ ሰንሰለት ሆነ። ብረት ብቻ ቢሆን በረዶ ይጋገርበታል፤ ላስቲኩ ግን ሲታጠፍ ያራግፈዋል። በ1937 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበና ሰባት ሰው የሚይዘውን ቢ7 መሸጥ ጀመረ። ቀጥሎ 12 ሰው የሚይዘው ቢ12 መጣ፤ መስኮቶቹ እንደ መርከብ መስኮት ክብ የሆኑት። ገዢዎቹ እነማን ነበሩ? ሐኪሞች፣ ቄሶች፣ ፖስታ አመላላሾች፣ ተማሪ የሚያጓጉዙ። በሽተኛ ተኝቶ የሚሄድባቸውም ነበሩ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለ። ነገር ግን በ1948 የኩቤክ መንግሥት የገጠር መንገዶችን በረዶ ለማስጠረግ ወሰነ። ለሕዝቡ ትልቅ ደስታ፣ ለቦምባርዲዬ ፋብሪካ ዱብ ዕዳ። መንገዱ ከተጠረገ ተራ መኪና ይበቃላ! ሽያጩ ክፉኛ ወደቀ። ሰውዬው ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ረግረግና ጫካ ውስጥ የሚሠሩ ባለሰንሰለት ትራክተሮችን መሥራት ያዘ። በ1950ዎቹ ቀላል ትንንሽ ሞተሮች ሲገኙ ደግሞ ወደ ወጣትነት ሕልሙ ተመለሰ፤ አንድ ሁለት ሰው የሚጋልበው ትንሽ የበረዶ ሞተር። (እውነቱን ለመናገር በዚህ ሐሳብ የመጀመሪያው እሱ አይደለም፤ አሜሪካዊው ካርል ኤሊያሰን በ1924 በዊስኮንሲን የሞተር ተንሸራታች ሠርቶ ነበር።) በ1959 ስኪ-ዱ ለገበያ ወጣ። ስሙ መጀመሪያ «ስኪ-ዶግ» ሊሆን ነበር ይባላል፤ ውሻ የሚጎትተውን ጋሪ ይተካል ተብሎ። ቦምባርዲዬ በ1964 በ56 ዓመቱ በካንሰር ሲሞት፣ ይህ ትንሽ ሞተር ምን ያህል ዓለምን እንደሚያዳርስ ገና አላየም።

ያዳረሰው ደግሞ በበጎ ብቻ አይደለም። በሰሜን ፊንላንድ የስኮልት ሳሚ ሕዝብ አጋዘን አርቢ ነው። ስኖውሞቢል በ1960ዎቹ መጀመሪያ እነርሱ ዘንድ ደረሰ። የሆነውን አንትሮፖሎጂስቱ ፐርቲ ፔልቶ በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ ዘርዝሮታል። በበረዶ መንሸራተቻ እግር በእግር እየተከተሉ ያለመዷቸው አጋዘኖች፣ ከሩቅ እየጮኸ የሚያሳድዳቸው ሞተር ሲመጣ እየሸሹ ወደ ዱርነት አዘነበሉ። ሞተሩ ቤንዚን ይፈልጋል፣ ቤንዚኑ ጥሬ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ገንዘብ የሌለው ቤተሰብ ከእርባታው ወጣ። ብዙ እኩልነት በነበረበት ኅብረተሰብ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያለውና የሌለው ተለየ። ሕፃን ወደ ሆስፒታል ለማድረስ የታሰበው ማሽን፣ ሌላ ቦታ ላይ የሰው ከብት በታተነ።

በ1970ዎቹ መባቻ ሰሜን አሜሪካን የስኖውሞቢል እብደት ያዛት። ከመቶ የሚበልጡ አምራቾች ገበያውን ተቀላቀሉ። ወዲያው የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ መጣ፣ አብዛኞቹ ተዘጉ። ኩባንያዎቹ ሲጠፉ ማሽኖቹ ግን ቀሩ፤ ጎተራ ውስጥ፣ ሸራ ተጥሎባቸው፣ አይጥ ወንበራቸው ውስጥ ጎጆ ሠርቶ። ዛሬ ከኩቤክ እስከ ሚኔሶታ አባቱ ወይም አያቱ የተዉትን አሮጌ ሞተር አውጥቶ ለማስነሣት የሚታገል ሰው ሞልቷል።

ትግሉ ምን ይመስላል? መጀመሪያ የሚሞተው ቤንዚኑ ነው። ሰርባቶዮ ውስጥ ለዓመታት የቆየ ቤንዚን ቀላሉ ክፍል ተኖ ያልቅና የቀረው እንደ ቫርኒሽ ይጋገራል፤ የካርቡሬተሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይደፍናል። የድሮዎቹ ካርቡሬተሮች ውስጥ ያለው ስስ የላስቲክ ሽፋንም ይደርቅና ቤንዚን መሳብ ያቆማል። ፑንቲናው ዝገት ይይዝና የካንዴላው ብልጭታ ይጠፋል። ይህ ሁሉ ግን ቀላሉ ነው፤ ይታያል፣ ይጸዳል፣ ይቀየራል።

አታላዩ የማይታየው ነው። እነዚህ ሞተሮች ባለሁለት ምት ናቸው፤ ዘይታቸውን የሚያገኙት ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ስለዚህ ሞተሩ በቆመባቸው ዓመታት ኮሎውና ኩሽኔታዎቹ አዲስ ዘይት አያገኙም፤ እርጥበት ከገባ ይዝጋሉ። ለዚህ ነው ልምድ ያለው ሰው ገመዱን ዘሎ የማይጎትተው። ካንዴላውን ፈትቶ ሲሊንደሩ ውስጥ ጥቂት ዘይት ያንጠባጥባል፣ ያሳድረዋል፣ ከዚያ በእጁ ቀስ አድርጎ ያዞረዋል። ከሁሉም የሚከፋው ግን በኮሎው ግራና ቀኝ ያሉት የላስቲክ ማኅተሞች መድረቃቸው ነው። እነሱ ከተሰነጠቁ ሞተሩ በዚያ በኩል አየር ይስባል፣ አየሩ ከቤንዚኑ ይበዛል፣ ሙቀቱ ይንራል። ሞተሩ አሳምሮ ይነሣል፣ እንዲያውም ከወትሮው ፈጠን ብሎ ይጮኻል። ባለቤቱ በደስታ ሲዘል፣ ውስጥ ፒስተኑ እየቀለጠ ነው።

በሌላ በኩል እነዚህ ማሽኖች ከሃምሳ ዓመት በኋላም የሚነሡበት ምክንያት ያው ቀላልነታቸው ነው። ብዙዎቹ ባትሪ የላቸውም፣ ኮምፒውተር የላቸውም፤ ገመድ፣ ብልጭታ፣ ቤንዚን፣ በቃ። የአንድ የገጠር መካኒክ እጅ የሚደርስበት ነገር ብቻ ነው ውስጣቸው ያለው።

የቦምባርዲዬ የመጀመሪያ ጋራዥ ዛሬም ቫልኩር ውስጥ በስሙ በተሰየመው ሙዚየም ተጠብቆ ይገኛል። በዚያ አገር አሮጌ ሞተር ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው በረዶ ሳይወርድ፣ በመጸው ነው። የኋላውን ከመሬት ከፍ አድርጎ ሰንሰለቱ በአየር ላይ እንዲዞር ይደግፈዋል፤ ገመዱን ይስባል፣ ይስባል፣ ይስባል። ሰማያዊ ጭስ ጋራዡን ሲሞላው በሩን ከፍቶ ጥቂት ደቂቃ ያዳምጠዋል፤ ከዚያ ያጠፋውና ያንን የኮሎ ማኅተም በባትሪ መብራት እንደገና ያየዋል።